የሶማሌ ጅረት ከምድር ወገብ እየመጣ ባሕሩ ለምን ይቀዘቅዛል? ከክረምታችን ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

መምህሩ_11 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ውቅያኖስ የምታውቁ ብታግዙኝ። ለተማሪ የምናስተምረው ደንብ «ከምድር ወገብ የሚነሳ ጅረት ሙቅ ነው፣ ዝናብ ይጠራል፤ ከዋልታ በኩል የሚመጣው ቀዝቃዛ ነው፣ ያደርቃል» የሚል ነው። የሶማሌ ጅረት ላይ ስንደርስ ግን ደንቡ ይፈርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ጅረቱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ የራስ ሐፉን (በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ዳርቻ) ባሕር በጣም የሚቀዘቅዘው ደግሞ በዚያው ወቅት ነው። በታኅሣሥና በጥር ጅረቱ ዞሮ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንድ ጅረት እንዴት በዓመት ሁለቴ ፊቱን ያዞራል? ቅዝቃዜውስ ከየት ይመጣል? በሬዲዮ ትንበያ ላይ የሚጠቀሱት ኤልኒኖና «የህንድ ውቅያኖስ ዳይፖል» ከዚህ ጅረት ጋር ዝምድና አላቸው ወይስ ሌላ ነገር ናቸው? በተቻለ መጠን በቁጥር ብታስረዱኝ፤ ተማሪዎቹ «ስንት?» ማለት ይወዳሉ።

---

ነፋስ_ለካ

ሰላም መምህር። ደንቡ የሚፈርሰው ውሃ ከጎን ብቻ እንደሚመጣ አድርጎ ስለሚያስብ ነው። የባሕር ገጽ ሙቀት ከጎን በሚመጣ ውሃም፣ ከታች በሚወጣ ውሃም ይለወጣል። በሶማሌ ዳርቻ በእኛ ክረምት የሚያይለው ከታች የሚወጣው ነው።

መጀመሪያ ነፋሱ። ከሰኔ ጀምሮ የእስያ ምድር ሲግል ከደቡብ ህንድ ውቅያኖስ የሚነሳው ነፋስ በኬንያ በኩል የምድር ወገብን ይሻገራል። እንደተሻገረ የምድር መሽከርከር ወደ ቀኝ ያጥፈዋል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካና የኢትዮጵያ ደጋ እንደ ግድግዳ ያግደዋል። በዚህ የተነሳ ተሰብስቦና ፍጥነት ጨምሮ የሶማሌን ዳርቻ እየታከከ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነጉዳል። ፊንድሌተር የተባለ የሜትሮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ገለጸው የፊንድሌተር ጄት ይሉታል፤ የሶማሌ ጄት የሚሉትም አሉ። ጉልበቱ የሚበረታው ከባሕር ወለል 1 እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ባሕሩ ገጽ ላይ በሐምሌ በሰከንድ ከ12 እስከ 15 ሜትር ይደርሳል። ከኅዳር መጨረሻ በኋላ እስያ ስትቀዘቅዝ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ኃይሉም ግማሽ ያህል ነው። ጅረቱ የሚዞረው ነፋሱ ስለሚዞር ነው። የአትላንቲኩ ገልፍ ስትሪም የማይዞረው በላዩ ያሉት ነፋሶች ዓመቱን ሙሉ አቅጣጫቸውን ስለሚጠብቁ ነው።

አሁን ቅዝቃዜው። ተማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ «ነፋስ ወደ ነፈሰበት ውሃ ይሄዳል» ይላል። ናንሰን የተባለ የኖርዌይ አሳሽ እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 በፍራም መርከብ አርክቲክ ላይ ሲንሳፈፍ በረዶው የሚሄደው ከነፋሱ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ መሆኑን አየ። ኤክማን የተባለ የውቅያኖስ ተመራማሪ በ1905 ሒሳቡን ሠራው። በነፋስ የሚንቀሳቀሰውን የላይኛውን የውሃ ንብርብር ጠቅላላ ጉዞ ከደመርን፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከነፋሱ በስተቀኝ 90 ዲግሪ ታጥፎ ይሄዳል። በሶማሌ ዳርቻ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ቀኙ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ይህም ማለት የላይኛው ውሃ ከዳርቻው እየሸሸ ወደ ጥልቁ ባሕር ይገፋል።

ስንት? ለተማሪ እንዲህ አድርገው ያሰሉላቸው። ነፋሱ በሰከንድ 15 ሜትር ሲነፍስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ባሕር ላይ የሚያሳርፈው ግፊያ 0.4 ኒውተን ገደማ ነው። በሰሜን 10 ዲግሪ ላይ የኮሪዮሊስ መጠን (የምድር መሽከርከር እንቅስቃሴን የሚያጥፍበት ልክ፤ የምድር የመሽከርከር ፍጥነት ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በላቲቲዩዱ ሳይን) 0.0000253 በሰከንድ ነው። የባሕር ውሃ በሜትር ኩብ 1025 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 0.4ን ለ1025 ሲባዛ በ0.0000253 ያካፍሉ፤ 15.4 ይወጣል። ይህም በእያንዳንዱ ሜትር የዳርቻ ርዝመት በየሰከንዱ 15 ሜትር ኩብ ውሃ ከባሕሩ ጠርዝ ይርቃል ማለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ሲታሰብ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በሰከንድ ይሆናል። ዓባይ ድንበር ላይ በዓመት አማካይ 1,500 ሜትር ኩብ በሰከንድ ገደማ ስለሚፈስ፣ አንድ ሺህ ዓባይ ማለት ነው።

የሄደውን ውሃ የሚተካው ከታች ካልመጣ ከየትም ሊመጣ አይችልም። ያ 15.4 የሚወጣበት ስፋት 50 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ ውሃው በቀን ወደ 27 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ከ100 እስከ 200 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ራስ ሐፉን አካባቢ የገጹ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ 26 እና 27 ዲግሪ ይገኛል። ከጥልቁ የወጣው ውሃ ናይትሬትና ፎስፌት ስለሚያመጣም ባሕሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ዓሣውም ይበዛል።

በጥር ያዙሩት። ነፋሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ቀኙ ሰሜን ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ዳርቻው ነው። ውሃው ጠርዙ ላይ ይጫናል እንጂ አይሸሽም፤ ከታችም የሚወጣ የለም። ጅረቱ ከሰሜን እየመጣ ባሕሩ ሞቅ ያለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

---

የካርታ_ሰው

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

«ጅረቱ የሚዞረው ነፋሱ ስለሚዞር ነው» የሚለው እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በክረምት ጅረቱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን አይሄድም። ከሰሜን 5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው መካከል ወደ ቀኝ ታጥፎ ታላቁ አዙሪት የሚባለውን፣ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ክብ ይሠራል። ይህ አዙሪት መታየት የሚጀምረው ሚያዝያ ላይ ነው፤ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ገና አልገባም! የሚቀሰቅሱት ከምሥራቅ፣ ከውቅያኖሱ ውስጥ የሚመጡ ሮስቢ የሚባሉ ሞገዶች ናቸው። እነዚህ ከወራት በፊት ሌላ ቦታ የነፈሰ ነፋስ የፈጠራቸው የጥልቅ ውሃ ሞገዶች ናቸው፤ ሁልጊዜም ወደ ምዕራብ ስለሚጓዙ አፍሪካ ዳርቻ ላይ ይከማቻሉ። ነፋሱ ሲገባ የተጀመረውን ያበረታል፤ ነፋሱ ካቆመ በኋላም አዙሪቱ ለሳምንታት መዞሩን ይቀጥላል።

ሁለተኛው፣ በኢንተርኔት የጅረት ካርታ ለተማሪ የሚያሳዩ ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ አይቀበሉ። ሳተላይት ጅረትን አይለካም፤ የሚለካው የባሕሩን ገጽ ከፍታ ነው (እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሴንቲ ሜትር ጥራት ይለካል)። ፍጥነቱ ከቁልቁለቱ ይሰላል፤ ቁልቁለቱ በስበት ተባዝቶ ለኮሪዮሊስ መጠን ይካፈላል። ይህ ስሌት የሶማሌ ባሕር ላይ ሁለት ቦታ ያሳስታል።

አንደኛ፣ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ የኮሪዮሊስ መጠን ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ከ5 ዲግሪ በታች የሚታየው ቀስት የተለየ ዘዴ ውጤት ነው። ሁለተኛ፣ ስሌቱ ውሃው ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ይገምታል። ታላቁ አዙሪት ግን እየዞረ ነው። በ8 ዲግሪ ላይ፣ ከመሐሉ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ በሰከንድ 2 ሜትር የሚፈስ ውሃ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ኖሮ በ100 ኪሎ ሜትር 41 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ይፈልግ ነበር። ስለሚዞርና ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ስላለበት የሚፈልገው 21 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ካርታው 21 ሳንቲ ሜትሩን አይቶ በሰከንድ 1 ሜትር ይላል። ትክክለኛው ከዚያ እጥፍ ነው። መርከብ ላይ የተለካው ከካርታው ሲበልጥ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ከማለት በፊት ይህን ማየት ነው።

---

በልግ_ክረምት

ሦስተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ብዙ ሰው የሚቀላቅለው ይህኛውን ነው።

የሶማሌ ጅረት የክረምት ዝናባችንን አያመጣም። ጅረቱም ዝናቡም የአንድ ነገር፣ ማለትም በእኛ ክረምት የሚነፍሰው ሞንሱን (ወቅት ጠብቆ የሚዞር ነፋስ) ልጆች ናቸው። ለደጋው የሚዘንበው እርጥበት ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል፤ ከአትላንቲክ በኮንጎ ተፋሰስ አቋርጦ፣ ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርም። የነፋሳት መገናኛው መስመር ወደ ሰሜን ሲወጣ ይህ አየር ተራራውን ሽቅብ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። የሶማሌ ጄት ግን ከደጋው በስተምሥራቅ ዳርቻውን ተከትሎ ያልፋል። የሚሄደው ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ስለሆነ ሽቅብ የሚያነሳው የለም፤ ሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ባሕር ደግሞ ትነትን ይቀንሳል፣ አየሩንም ያረጋዋል። ጎጃም ውስጥ በሐምሌ ሲዶፍ ኦጋዴን ደረቅ የሚሆነው በዚህ ነው።

አሁን ኤልኒኖና ዳይፖል። በቦታም በወቅትም ይለያያሉ፤ ለተማሪ ይህን ቢያስጨብጡ ይበቃል።

ኤልኒኖ የፓስፊክ ነው። በደህናው ጊዜ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ንግድ ነፋስ ሙቁን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋል፤ በዚያ በኩል የባሕሩ ገጽ ከፔሩ በኩል በ40 እና 50 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ነፋሱ ሲደክም የተከመረው ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ኬልቪን የሚባለው ሞገድ ፓስፊክን ለማቋረጥ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። የሚለካው ከምዕራብ ሎንጊቲዩድ 170 እስከ 120 ዲግሪ፣ ከምድር ወገብ ወዲህና ወዲያ በ5 ዲግሪ ውስጥ ባለ ሳጥን ነው፤ የገጹ ሙቀት ከአማካዩ በ0.5 ዲግሪ ሲበልጥና ሲቆይ ኤልኒኖ ይባላል። በእኛ ላይ የሚያሳድረው በክረምት ነው፤ በተለይ በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ዝናቡ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. የ2015 ክረምት ምሳሌ ነው (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ።

ዳይፖል የህንድ ውቅያኖስ ነው፤ እንደ ራሱ ክስተት ተለይቶ የተገለጸው በ1999 ነው። የሚሰላው በሁለት ሳጥን ልዩነት ነው። ምዕራቡ ከምሥራቅ ሎንጊቲዩድ 50 እስከ 70፣ ከደቡብ 10 እስከ ሰሜን 10 ዲግሪ ነው፤ ምሥራቁ ከ90 እስከ 110፣ ከደቡብ 10 ዲግሪ እስከ ምድር ወገብ ያለው ነው። ልዩነቱ ከ+0.4 ዲግሪ ሲያልፍና ሲቆይ «አዎንታዊ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ሱማትራ ዳርቻ ላይ ጥልቅ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። በጥቅምትና ኅዳር ገደማ በምድር ወገብ ላይ ሙቅ ውሃን ወደ ምሥራቅ የሚያጓጉዘው የዊርትኪ ጅረትም ይደክማል። ሙቁ ውሃ በአፍሪካ በኩል ይቀራል፤ ደመናውም እዚሁ ይሠራል። የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ዝናብ፣ በሶማሌ ክልል በደይር፣ በቦረና በሐገያ ላይ ነው። በ1997፣ በ2019 እና በ2023 ጎርፉ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ደግሞ ፓስፊክ ላይ የኤልኒኖ ተቃራኒ የሆነችው ላኒና ነበረች።

ስለዚህ «ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው፣ ኢትዮጵያ ትደርቃለች» የሚለው አነጋገር በግማሹ ያሳስታል። በ1997 እና በ2023 ኤልኒኖና አዎንታዊ ዳይፖል አብረው ነበሩ፤ ደጋው ለክረምቱ ሲሰጋ ዋቢ ሸበሌ በበልጉ ሳይሆን በመኸሩ ማብቂያ ሞልቶ ፈሰሰ።

ስለ ትንበያም አንድ ነገር። የትንበያ ካርታው ላይ «45፣ 35፣ 20» ተብሎ ሲጻፍ ዝናቡ 45 በመቶ ይሆናል ማለት አይደለም። ከአማካይ በላይ፣ በአማካይ አካባቢ እና ከአማካይ በታች የመሆን ዕድሎች ናቸው፤ ምንም መረጃ ባይኖር ሦስቱም 33 ይሆኑ ነበር። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚወጣ የኤልኒኖ ትንበያ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ደካማ ነው፤ በዚያ ወቅት ፓስፊክ ወደ የት እንደሚያዘነብል ለመለየት ያስቸግራል። ለክረምት ዘር ዝግጅት መረጃው የሚፈለገው ግን በዚያው ጊዜ ነው። በሰኔ መጀመሪያ የሚታደሰውን መጠበቅ ይሻላል።

---

መምህሩ_11

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ቀረኝ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ነፋስ ነው። ጨውና ሙቀት የሚያንቀሳቅሱት ጅረትስ? ክፍል ውስጥ ሊታይ የሚችል ሙከራ ካለ ላቦራቶሪ እንደሌለን አስባችሁ ንገሩኝ።

---

ነፋስ_ለካ

ሁሉም የሚጠቅሰው ሰሜን አትላንቲክን ነው። በ26.5 ዲግሪ ሰሜን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሲለካ የቆየው መገለባበጥ (ሙቅ ውሃ በላይ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ በርዶና ሰምጦ በታች የሚመለስበት ዝውውር) በአማካይ በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለእኛ ልጆች ግን ቀይ ባሕር ይቀርባል፤ የሚገርመውም እሱ ነው፤ እዚያ የሚሰምጠው ለብ ያለ ውሃ ነው።

ቀይ ባሕር በዓመት 2 ሜትር ገደማ ውሃ ይተንበታል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባ ወንዝ የለውም፤ ዝናቡም ከቁጥር አይገባም። ጨዉ ግን አብሮ አይተንም። ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ በኪሎ ግራም 36 ግራም ገደማ የነበረው ጨው በሰሜኑ ጫፍ 40 ያልፋል። በክረምት ወራት (የአውሮፓን ክረምት ማለቴ ነው) ይህ ውሃ ሲበርድ ይከብዳል፤ ይሰምጥና ወለሉን ይዞ ወደ ደቡብ ይፈሳል። ባብ ኤል መንደብ በስተሰሜን፣ ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለውን 137 ሜትር ጥልቀት ያለው ደፍ ተሻግሮ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያም ከ400 እስከ 800 ሜትር ጥልቀት ላይ ተዘርግቶ ይንሳፈፋል። የወጣውን የሚተካው ቀለል ያለ ውሃ በላይ በኩል ይገባል። በሐምሌና ነሐሴ ነፋሱ ከሰሜን ስለሚጫን ሥርዓቱ ይለወጣል። ገጹ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ መካከሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ይገባል፣ ከሥር የሚወጣው በጣም ይቀንሳል። ሁለት ፎቅ የነበረው ሦስት ፎቅ ይሆናል።

ሙከራው፦ ባለ 5 ሊትር ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን፣ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የልብስ ስፌት መርፌ፣ ጨውና የተቀቀለ ቀይ ስር ውሃ ይበቃል። ሣጥኑ ውስጥ 3 ሊትር የቧንቧ ውሃ (18 እስከ 20 ዲግሪ) ጨምረው 10 ደቂቃ እስኪረጋ ይተዉት። ኩባያውን ከግርጌው ከፍ ብሎ በጎኑ በመርፌ ይብሱትና ቀዳዳው ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ እንዲል አድርገው ማዕዘኑ ላይ በፕላስተር ይለጥፉት። ከዚያ 200 ሚሊ ሊትር ቀለም የተነካ ውሃ ኩባያው ውስጥ ይጨምሩ።

በረዶ ገብቶበት የቀዘቀዘ ከሆነ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። 40 ዲግሪ የሞቀ ከሆነ ገጹ ላይ ይቀራል። በዚያው ሙቅ ውሃ 7 ግራም ጨው (ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ከፍ የሚል) ቢሟሟበት ባሕር ያህል ጨዋማ ይሆናል፤ ትኩስ ሆኖ ይሰምጣል። ቀይ ባሕር ይኸው ነው። ዋናው ግን አራተኛው ነው፤ 1.7 ግራም ብቻ (የሻይ ማንኪያ ሩብ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ) ይጨምሩ። ጨዉ የሚያከብደውና ሙቀቱ የሚያቀልለው ይመጣጠናሉ፤ ውሃው የት እንደሚሄድ ግራ የገባው ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ ከጨዉ ቀድሞ ስለሚያመልጥ ቀይ ጣቶች መስሎ ወደ ታች ይወርዳል። የተማሪ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ቀዳዳው ይሰፋና ውሃው እየተረጨ ይቀላቀላል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ቀይ ስር ስኳር ስላለው ራሱ ያከብዳል፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይጠቀሙ፣ በአራቱም ላይ እኩል ይሁን። ጨዉም ሳይሟሟ ከገባ ሥሩ ላይ ይቀመጥና ቀዳዳውን ይዘጋል።

---

የካርታ_ሰው

እዚያው ሙከራ ላይ እያላችሁ፣ ኮሪዮሊስን ለማሳየት የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ከፍቶ «አዙሪቱ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ» የሚባለውን እባክዎ ይተዉት። አዲስ አበባ ያለው 9 ዲግሪ ላይ ነው፤ እዚያ በኮሪዮሊስ ኃይል ብቻ የሚጓዝ ውሃ አንድ ዙር ለመጨረስ 76 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ገንዳው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። የሚያዩት አዙሪት ከቧንቧው አቀማመጥና ውሃው ሲሞላ ከያዘው እንቅስቃሴ የመጣ ነው። ይልቅ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ክብ ካርቶን ያስቀምጡ፤ አንድ ተማሪ ወንበሩን ከላይ ሲታይ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ቀስ ብሎ ያዙር፤ ሌላው ከመሐል ወደ ጠርዝ በማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይሳል። መስመሩ ካርቶኑ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ይወጣል። ወንበሩን በሌላ አቅጣጫ ካዞሩት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ያ ደቡብ ንፍቀ ክበብ ነው።